የጃንጥላው ዕጩ

አዲስ ከተማ፣ መሳለሚያ
መጋቢት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.
የሆሳዕና ዋዜማ

ለውድ አባቴ ለመምህር ገብረ ኢየሱስ
እምድብር

አባቴ ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የበልጉ ዝናብ ጉልበትዎን እንዳልጎዳብዎ እመኛለሁ። ነገሩን እርስዎ ባስተማሩኝ ሥርዓት አስቀምጠዋለሁ፤ በመጀመሪያ የሆነውን፣ ቀጥሎ የተባለውን፣ የመሰለኝን በመጨረሻ።

ሰኞ መጋቢት 14፦ በሁለተኛ «ለ» ክፍል «መሪን መምረጥ» የሚለውን ምዕራፍ ማስተማር ጀመርኩ።

ረቡዕ መጋቢት 16፦ ልጆቹ ለክፍል አለቃነት ከመካከላቸው ሦስት ዕጩዎችን አቀረቡ፤ ለእያንዳንዱ ዕጩ መለያ ምልክት ተያዘለት።

ሐሙስ መጋቢት 17፦ ዕጩዎቹ ቅስቀሳ አደረጉ። ቅስቀሳው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጣ።

ዓርብ መጋቢት 18፦ ጠዋት ልጆቹ ድምፅ ሰጡ። ከሰዓት በኋላ፣ ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ በዚህ አካባቢ ለምክር ቤት የሚወዳደር የአንድ የግል ዕጩ ምልክት መሆኑን ሰማሁ።

ሰኞ መጋቢት 21፦ ሁለት ሰዎች ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው የአንድ ልጅ ስም ጠየቁ።

ሐሙስ መጋቢት 24፦ ሰዎቹ ተመልሰው መጡ፤ ወደ ክፍሌም ገቡ።

ቅዳሜ መጋቢት 26፣ ዛሬ፦ ቲናን ከወንድሜ ከፈለቀ ጋር ወደ እርስዎ ላክኋት።

በስልክ ልነግርዎት እችል ነበር፤ ላለመናገር ወሰንኩ። ደብዳቤውን የያዘው ፈለቀ የተጻፈበትን አያውቅም፤ ልጄን ለፋሲካ አስቀድሜ የላክኋት ይመስለዋል። አሸብርም ከጅቡቲ መስመር ሲደውል የነገርኩት ይህንኑ ነው። ባሌን የዋሸሁት መሪ ጨብጦ እንዳይጨነቅ ነው።

አሁን ነገሮቹ እንዴት እንደተያያዙ ልጻፍ።

የክፍሌ ልጆች ሰባትና ስምንት ዓመታቸው ነው። ትምህርት ቤታችን ከመርካቶው ሰባተኛ ጀርባ ስለሆነ፣ ደወል ሲደወል ወደ ቤታቸው የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚሄዱት ወደ አባቶቻቸው ሱቅ ነው። የቤት ሥራቸውን በጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀምጠው፣ በካርቶን መሀል ተሸጉጠው ይሠራሉ። ዓለምን የሚያውቁት በገበያ በኩል ነው። ይህን ከግምት አስገብቼ ትምህርቱን እንዳዘጋጀሁ አስብ ነበር። በበቂ ሁኔታ እንዳላስገባሁት የተረዳሁት በመጀመሪያው ቀን ነው።

ምን አለሽ ተራ ካለ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ከዘይት ጣሳ ያሠራሁትን የድምፅ መስጫ ሳጥን ይዤ ገባሁ። ወረቀት አጥፌ በቀዳዳው ስከት ክፍሉ በሙሉ በአንድ አፍ «ዕቁብ!» ብሎ ጮኸ። ያላወቀው ልጅ አልነበረም። ወረቀት ይታጠፋል፣ ይከተታል፣ ይነቀነቃል፣ ሕፃን እጁን ሰዶ አንዱን ያወጣል፤ የወጣለት ወሰደ፣ ያልወጣለት ተራውን ይጠብቃል።

«አይደለም» አልኳቸው። «እዚህ ወረቀቶቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ ሁሉም ይቈጠራሉ። ብዙ ሰው የመረጠው ያሸንፋል።»

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። በኋላ የጃንጥላው ዕጩ የሆነው ልጅ ነው፤ በዚህ ደብዳቤም ውስጥ የምጠራው በዚሁ ብቻ ነው፤ ስሙን አልጽፈውም። «ቲቸር፣ ያልደረሰውስ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሰዋል?»

«አይደርሰውም።»

«መቼም?»

«በሌላ ምርጫ እንደገና ሊወዳደር ይችላል።»

«እና ያልደረሰው ሰው ስለጠላው ነው?»

«አለመመረጥ መጠላት አይደለም» አልኩ።

ኢክራ ከመጨረሻው ወንበር፣ ሳትነሣ፣ «ነው እንጂ» አለች። ኢክራ የእጅ ባትሪ የሚሸጥ ሰው ልጅ ናት፤ ሰው ሲናገር እስኪጨርስ መጠበቅን እስካሁን ላስተምራት አልቻልኩም።

አባቴ፣ ስለ ድምፅ ምስጢራዊነት አጥብቄ ያስተማርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ማን ማንን እንደመረጠ ካልታወቀ ማንም በማንም አይቀየምም ብዬ አሰብኩ። ጨዋታ አድርጌ አስጠናኋቸው። እኔ «ጓደኛህ ቢጠይቅህ?» እላለሁ፤ እነርሱ እጃቸውን አጣጥፈው «አልናገርም!» ይላሉ። «አባትሽ ቢጠይቅሽ?» «አልናገርም!» «ቲቸር ብትጠይቃችሁ?» እዚህ ላይ ይሥቃሉ፤ ከዚያም በኃይል «አልናገርም!» ይላሉ። ሦስት ቀን በተከታታይ በዚህ ጀመርን፣ በዚህ ጨረስን። ከዐሥራ አንድ ዓመት ማስተማሬ ውስጥ እንደዚህ በፍጥነት የተያዘ ትምህርት አላስታውስም።

ሦስቱ ዕጩዎች ኢክራ፣ ብሥራት እና ልጁ ነበሩ። ገና አጥርተው ማንበብ የማይችሉ ስላሉ ለየዕጩው ምልክት ያስፈልግ ነበር። «የምትወዱትን አንድ ዕቃ ምረጡ» አልኩ። ሦስቱም የመረጡት አባቶቻቸው የሚሸጡትን ነው፤ ኢክራ ባትሪ፣ ብሥራት ቁልፍ፣ ልጁ ጃንጥላ። ምልክቶቹን ከማጽደቄ በፊት በእውነተኛው ምርጫ የተያዙትን ምልክቶች ማጣራት ይገባኝ ነበር። አላጣራሁም።

ቅስቀሳ ማለት መልካምነትን ማሳወቅ ነው ብዬ አስረዳሁ። እነርሱ የተረዱት መሸጥ ብለው ነው። ብሥራት ወንበር ላይ ወጥቶ «ቁልፍ የሌለው ደጅ ያድራል!» እያለ አስፈራራ። ኢክራ «መብራት ሲጠፋ ማን አለ? እኔ አለሁ!» አለች። ልጁ ግን ያባቱ ሱቅ ጠሪ የሚጮኸውን ዜማ ከነቅላጼው አመጣው፦ «ጃንጥላ ጃንጥላ! ፀሐይ ቢሆን ጥላ፣ ዝናብ ቢሆን ጥላ!» ክፍሉ ተቀበለው። ቀጥሎም «እኔን ለመረጠ ከረሜላ ምራቂ አለው!» ብሎ ኪሱን አሳየ።

አስቆምኩትና ድምፅን በስጦታ መግዛት ጉቦ መሆኑን ነገርኳቸው።

ብሥራት ለተወዳዳሪው ጠበቃ ሆኖ ተነሣ። «ቲቸር፣ ምራቂ እኮ ጉቦ አይደለም። ምራቂ የሚሰጠው ከገዛ በኋላ ነው!»

ሣቅሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደስተኛ እንደነበርኩ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወል ሲደወል ልጁ ከአባቱ ሱቅ ያመጣውን ትልቅ ጃንጥላ ዘርግቶ ከበሩ ወጣ፤ ግማሹ ክፍል ዜማውን እየጮኸ ተከተለው። የእኔ ቲና ከመዋዕለ ሕፃናት ወጥታ ነበርና እርሷም ጅራቱ ላይ ተቀጠለች። ልደርስባቸው ስሮጥ ወደ ሰባተኛ ወርደዋል። ተሸካሚዎች ሸክማቸውን እንደያዙ ዜማውን ተቀበሉ፤ ነጋዴዎች ከየሱቃቸው ወጥተው አጨበጨቡ፤ «ምረጡት፣ ምረጡት!» የሚሉም ነበሩ። አንድ ሰው በስልኩ ቀረጸ። ልጆቹን ሰብስቤ መለስኩ። በማግሥቱ ጠዋት በመጋረጃ ጀርባ አንድ በአንድ እየገቡ ድምፅ ሰጡ፤ ወረቀቱን ከመክተታቸው በፊት ደረታቸው ላይ ደብቀው ግራና ቀኝ ያዩ ነበር። ቈጠራውን ከሰኞው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጋር ላያይዘው አስቤ ሳጥኑን ቈለፍኩት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተራችን ጋሽ ይገረም ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። በሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም ዘጉ፤ ከዚያ ስልካቸውን አቀበሉኝ። ቪዲዮው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ተቀባብሎታል።

«አዲስዓለም፣ አንቺ ግድግዳ አታነቢም?»

«የምን ግድግዳ ነው ጋሼ?»

«ጃንጥላ እኮ የሰው ምልክት ነው! የሚወዳደር ሰው ምልክት! ከታች እስከ ላይ ተለጥፏል። ሕፃናት አሰልፋችሁ አስቀሰቀሳችሁ እየተባልን ነው።»

የዚያን ሰው ስም አልጽፍም። አይቼው አላውቅም፤ ስለ እርሱም መልካምም ክፉም የሚባል ነገር የለኝም። ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። ልጁ ከፊት ነው፤ ነገር ግን ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ ስለያዘው ፊቱ አይታይም። የሚታዩት እግሮቹ ናቸው፣ ለዒድ የተገዛለት ነጭ ጫማ ያጠለቁ።

ሰኞ የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። ከየት እንደመጡ አልተናገሩም፤ ጋሽ ይገረምም አልጠየቁም። አንደኛው በዕድሜ ጠና ያሉ፣ አነጋገራቸው ለስላሳ ነው፤ ሌላው ምንም አይናገርም። ሽማግሌው ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዱኝ፤ አቀራረባቸው ከእኔ አቀራረብ ጋር መመሳሰሉ ነው ያስደነገጠኝ። ያ ዕጩ ለደጋፊዎቹ የሚያድለውን ጃንጥላ የገዛው ከመርካቶ ነው። ከየትኛው ነጋዴ እንደሆነ አይታወቅም። በዚያው ሳምንት አንድ ሕፃን ጃንጥላ ይዞ ሰልፍ መራ። የሕፃኑ አባት ከታወቀ ነጋዴው ታወቀ፤ ነጋዴው ከታወቀ ልጆቹን ማን ከፍሎ እንዳሰለፋቸው ይታወቃል።

«ማንም አልከፈለም» አልኩ። «የክፍል ትምህርት ነበር።»

«እንግዲያው ችግር የለም። የልጁን ስም ብቻ ይንገሩን።»

«ምልክቶቹ የተያዙት በክፍል ውስጥ በጋራ ነው።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «መምህርት፣ በጋራ የተያዘ ጃንጥላ የለም። እጀታው አንድ ነው። ያስቡበት፤ እንመለሳለን።»

ሲወጡ ጋሽ ይገረም ግንባራቸውን ጠረጉ። «ስሙን ስጪያቸውና እንረፍ።»

«ለእርስዎ ልንገርዎትና እርስዎ ይስጧቸው?»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ለእኔ እንዳትነግሪኝ! ለእነሱ ንገሪ!»

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ወደ ልጁ አባት ሱቅ ሄድኩ። ዕቃ ላስጠግን የመጣሁ እንድመስል የቲናን የተሰበረ ጃንጥላ ይዤ ነበር። በዚያ ተራ ጃንጥላ የማይሸጥ ሱቅ ጥቂት ነው፤ ደጃፋቸው ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥለው የሚውሉት ግን በእርሳቸው በር ላይ አልነበሩም። በቦታቸው ቀበቶ ተሰቅሏል። ልክ ስደርስ አንድ ጎረቤት ከማዶ ይጮኻል፦

«ጋሼ ጃንጥላ! ፓርላማ ስትገባ እኛን እንዳትረሳን!»

ሌላው ተቀበለው። «ኧረ ተወው፣ አታየውም? ቀበቶ ሆኗል እኮ! ፓርቲ ቀይሯል!»

ተራው ሁሉ ሣቀ። የልጁ አባትም ሣቁ፤ ሣቃቸው ግን ከሌሎቹ በፊት አለቀ። በርጩማ ሰጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እትዬ መምህርት፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ዝናብ የመጣበት ሰው ጃንጥላ ሲገዛኝ፣ ቆይ ፓርቲህ የቱ ነው ብዬ ልጠይቅ?»

«ለእነዚያ ሰዎች የሸጡት እርስዎ ነዎት?»

«በጅምላ ወሰዱ። ለማን እንደሆነ ያወቅኩት ዕቃው ከሄደ በኋላ ነው። እንግዲህ ዕቃው የእኔ፣ ይዞ የጮኸው ልጅ የእኔ። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ምን ይላል? አንቺ ተምረሻል፣ ንገሪኝ።»

ምን እንደሚል አውቅ ነበር።

በአገጫቸው ወደ ማዶ አመለከቱኝ። በሩ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት አንድ ሱቅ አለ። «ያ ለምን እንደታሸገ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ባለቤቱም አያውቅም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።» የቲናን ጃንጥላ ተቀብለው የጎበጠውን ሽቦ ማቅናት ጀመሩ። «ልጄ እንቅልፍ አጣ። ‹አባዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?› ይለኛል።»

«አላጠፋህም ይበሉት።»

«ብዬዋለሁ! ‹ታዲያ ጃንጥላዎቹን ለምን ደበቅካቸው?› አለኝ።» ጃንጥላውን ዘርግተው አዩት፤ ወዲያው እንደተነከሰ ሰው አጠፉት። «ስሙን ሰጥተሻል?»

«አልሰጠሁም።»

«ትሰጫለሽ?»

አባቴ፣ የተጠየቅኩትን ጥያቄ በትክክል ልመልስ ፈለግኩ፤ ትክክለኛው መልስ ደግሞ «አላውቅም» ነበር። ልጅ አለኝ። ባሌ በሳምንት አንድ ጊዜ ድምፁን ብቻ የምሰማው ሰው ነው። የልጁ አባት «አላህ ያውቃል» ብለው ነገሩን ራሳቸው ዘጉልኝ፤ ዕዳ የተሰረዘልኝ ያህል አፈርኩ።

ስወጣ ዝናቡ ወረደ። የተጠገነ ጃንጥላ በእጄ ነበር። ግራና ቀኝ አይቼ በቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና እስከ መሳለሚያ ድረስ በዝናቡ ሄድኩ። የፍርሃቴን ልክ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ራሴን ከዚህ የተሻለ አድርጌ እገምት ነበር።

ሌሊቱን አማራጮቹን መዘንኩ። ስሙን ብሰጥ አንድ ቤተሰብ ይጠፋ ይሆናል፤ አይጠፋም ይሆናል። ዝም ብል እስከ መቼ? ሦስተኛው፣ «ጃንጥላውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለልጁም የሰጠሁት እኔ ነኝ» ማለት ነው። ይህ ውሸት ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሰው የማይነካ ውሸት ነው፤ ከቲና በቀር። ይህንኑ ወሰንኩ። ቃላቱን አጠናሁ። ረቡዕ አልመጡም። ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የክፍሌ በር ተንኳኳ።

ጋሽ ይገረም ከኋላቸው ቆመው ነበር፤ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው። ወደ በሩ ሄጄ ያጠናሁትን ጀመርኩ። «ስለ ምልክቱ ልነግራችሁ የምፈልገው...»

ሽማግሌው እጃቸውን በትሕትና አነሡ። «እርስዎን አናደክምም መምህርት። ልጅ አይዋሽም። ልጆቹን እንጠይቃለን።» አልፈውኝ ገቡ።

ልጆቹ ተነሥተው «እንደምን አደራችሁ!» አሉ። ሽማግሌው አስቀመጧቸው። ደግ አያት ይመስሉ ነበር፤ ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ ሳይሆን ስለነበሩ ነው።

«ጎበዞች! ምርጫ አድርጋችኋል አሉ?»

«አዎ!»

«ማን ማን ተወዳደረ?»

ከፊት ያሉት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉት። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። «እስቲ ጃንጥላ የነበረው ጎበዝ እጁን ያውጣ። እሸልመዋለሁ።»

ልጁ ከመስኮቱ ሥር ነበር። ነጩን ጫማውን ከወንበሩ በታች ወደ ውስጥ ሲስበው አየሁ። ሌላም ሰው እንዳያየው ዓይኔን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። ብሥራት፣ ያ የምራቂ ጠበቃ፣ እጁን ቀስ ብሎ አጣጠፈ። ከአጠገቡ ያለችው ተከተለችው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ክፍሉ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ልክ እንዳስጠናኋቸው። የተለየው አለመሣቃቸው ብቻ ነው።

«ምነው? አትፈሩ። አንቺ ቆንጆ፣ አንቺ ንገሪኝ።»

ኢክራ ነበረች። ከልጁ ጋር የተወዳደረችው፣ መሸነፍም የማትፈልገው ኢክራ። ተነሣች።

«አልናገርም።»

«ለምን?»

«ምርጫ ምስጢር ነው። ትልቅ ሰው ቢጠይቅም ምስጢር ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ፈገግታቸው አልጠፋም። «ምስጢር የሚሆነው ድምፅ ነው እንጂ ዕጩ አይደለም። ዕጩማ በአደባባይ የሚታወቅ ነው። አይደለም እንዴ መምህርት?»

ትክክል ናቸው። ኢክራ ተሳስታለች፤ ክፍሉ በሙሉ ተሳስቷል። የመራጭን ምስጢር ለዕጩ ሰጥተውታል፤ በፈተና ላይ ቢሆን ዜሮ እሰጥበት ነበር። ልጆቹ ሁሉ እኔን ይመለከቱ ነበር።

«ይህ ምዕራፍ ገና አላለቀም» አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በደንብ አስጠንተዋቸዋል» አሉ፤ ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አላሉም። ዝምተኛው ሰው ሳጥኑን ከመደርደሪያው ላይ አንሥቶ በብብቱ ያዘው። በር ላይ ሲደርሱ «ከበዓል በኋላ እንገናኛለን መምህርት፤ ያን ጊዜ ከእርስዎ ጋር ብቻ» አሉኝ።

ሰኞ ሰዎቹ ስለመጡ ቈጠራውን አቆይቼው ነበርና ማን እንዳሸነፈ አናውቅም። ትናንት ኢክራ ይህንኑ ስትጠይቀኝ ሳጥኑ እንደሌለ ነገርኳት። እርሷም «ቲቸር፣ ዕቁብ ይሻላል። ዕቁብ ላይ ማንም አይመጣም» አለች። ከዚያ ሄዳ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠች፤ የእርሷ ቦታ ግን እዚያ አልነበረም።

አሁን የመሰለኝን ልጻፍ፤ አጭር ነው። ያስተማርኳቸው ነፃነት ይሁን ፍርሃት መለየት አልቻልኩም። እጃቸውን ሲያጣጥፉ ያየሁት ፊት ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት፣ በር ሲንኳኳ፣ በእርስዎ ላይ ያየሁት ፊት ነው። ያን ዓመት ለምን ከማስተማር እንደወጡ ጠይቄዎት አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቅም። የፊትዎን ትርጉም ግን አሁን የያዝኩት ይመስለኛል።

ስለ ቲና። ዜማውን ታውቀዋለች፤ ዝም በይ ባልኳት ቁጥር ይብስባታል። ፈለቀን መኪና ውስጥ ሌላ መዝሙር እንዲያስይዛት ነግሬዋለሁ። እዚያም ብትዘምረው አይቆጧት፤ በእንሰቱ መሀል ማን ይሰማታል? የሚያሞቅ ልብሷንና የክረምት ጫማዋን ጭምር ልኬአለሁ። ክረምቱ ገና መሆኑን አውቃለሁ። የክትባት ካርዷና የልደት ማስረጃዋ በሻንጣው ኪስ ውስጥ ናቸው። ለጊዜው እዚያው ትምህርት ቤት ሊያስገቧት ይችሉ እንደሆነ ፈለቀ ሳይሰማ ርእሰ መምህሩን ቢያነጋግሩልኝ መልካም ነው። እኔ ለፋሲካ አልመጣም፤ የፈተና ወረቀት አለብኝ። ቲና ስትጠይቅ እንዲህ ይበሏት።

እናቴ በሕይወት ሳለች በሆሳዕና ዋዜማ ዘንባባ ስትጎነጉን ቀለበት ሠርታ ታጠልቅልኝ ነበር፤ ነገ ለቲና እርስዎ ያድርጉላት። አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ደጃፍዎን የሚያንኳኳ ሁሉ እንግዳ ይሁን። በምርቃትዎ አይርሱኝ፤ የዚያን ልጅና የአባቱን ቤትም ይጨምሩልኝ፤ ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ስለ እኔ እዚያ ድረስ መጥቶ የሚጠይቅዎ ሰው ቢኖር፣ ያልሆነ ነገር መጨመር አያስፈልግም፤ ሊመሰክሩ የሚችሉት ይህን ብቻ ነው። ልጆቹ ስሙን አልተናገሩም። እኔም አላረምኳቸውም።

ልጅዎ
አዲስዓለም ገብረ ኢየሱስ